አትንካ የቆለፈው ወሰን

እውነተኛ ስሙን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውስ አልነበረም። እኩዮቹ "አትንካ" ይሉታል፤ በዕድሜ የምናንሰው ደግሞ "ጋሼ አትንካ"። ስሙን ያወጣለት የራሱ አፍ ነው። ሰው ወደ ፓነል ሲጠጋ፣ ሰው ሞተር ሲደገፍ፣ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ሊያነሳ ሲያጎነብስ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር "አትንካ" ይላል። አለቃ፣ እንግዳ፣ የጽዳት ሠራተኛ ብሎ አይለይም። አንድ ጊዜ ፋብሪካውን ሊጎበኙ ከመጡት ሰዎች አንዱ ጣቱን ወደ አንዲት ቀይ ቁልፍ ሲዘረጋ ከኋላው ያቺን ቃል ሰማ፤ እጁን ኪሱ ከተተና ጉብኝቱ እስኪያልቅ አላወጣም። ምሳ ቤት ውስጥ፣ ያ ሰውዬ እስካሁንም ሳያወጣት አይቀርም እየተባለ ሳምንት ሙሉ ተሳቀ።

የካርቶን ፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመት። አጭር፣ ደረቅ ያለ፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ ሰው ነው። የቱታው ደረት ኪስ ውስጥ ሁለት ካቻቢቴ አይጠፋም፤ አጭሩ ብሎን ለመፍታት፣ ረጅሙ ለመስማት። የረጅሙን ጫፍ ሲዞር በሚውል ሞተር አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ "ይሄ ኩሽኔታ ወር አይሞላም" ይላል። ወር አይሞላም። ወሬ ግን አይወድም። ሚስቱ፣ ሲያጫት እንኳ የተናገረው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፣ አንዱም ስለ ቤታቸው ቆጣሪ ነበር ትላለች።

ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከሙጫ ማሽኗ ጋር ስለሆነ እሷን ላስረዳ። ካርቶን ሦስት ወረቀት ነው፤ ሁለት ለጥ ያሉ፣ መሃላቸው አንድ የተሸበሸበ። ሦስቱን የሚያጣብቀውን ሙጫ የምትቀባው ማሽን ሁለት የብረት ሮለሮች አሏት። እያንዳንዳቸው እንደ ጎልማሳ ጭን የወፈሩ ናቸው፤ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ወረቀት እንጂ ጣት አያሳልፍም። ፈረቃው ሲያልቅ ሮለሮቹ መታጠብ አለባቸው፤ ሙጫ ከደረቀ ድንጋይ ነው። ቆመው ግን አይታጠቡም፤ ቆመው ቢታጠቡ የሚጸዳው ፊት ለፊት ያለው ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሮለሮቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ያብሳቸዋል።

የሚያብሰው ሰው "ሙጬ" ነበረች። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማ፣ ከእናቷና ከአንዲት ልጇ ጋር የምትኖር ሴት ናት። የሙጫውን ውፍረት የምታውቀው በጣቷ ነው። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ነክራ ትጫናቸዋለች፣ ታላቅቃቸዋለች፣ በመካከላቸው የሚሳበው ክር የት ላይ እንደሚበጠስ ታያለች፤ ከዚያ "ውሃ ጨምሩ" ወይ "በቃው" ትላለች። ላቦራቶሪው ሃያ ደቂቃ የሚደክምበትን እሷ በሁለት ጣት ጨርሳ ቁጭ። የላቦራቶሪው ሰውዬ ራሱ ወረቀቱን ከመሙላቱ በፊት መጥቶ ጣቷን ያያት ነበር።

የሮለሮቹን ሞተር የሚያዘው ድራይቭ የሚባል ሳጥን ነው፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ፓነል ውስጥ ይኖራል። ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ይቀበላል። አንደኛው ክፍት ነው፤ ፊቱ ላይ ባሉት ቁልፎች ማንም ይቀይረዋል። የማጠቢያው ፍጥነት እዚያ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የደህንነት ትእዛዝ ነው፤ "ክዳን ከተከፈተ በደቂቃ ከዚህ ዙር በላይ አትሂድ፤ ከሄድክ የሞተሩን ኃይል ቁረጥ" የሚል። ይሄኛው በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው። ቁጥሩን ያላወቀ ሰው ሊቀይረው ቀርቶ ሊያየውም አይችልም።

ድራይቩ የተገጠመ ዕለት ወሰኑን ስድስት ዙር ያደረገው አትንካ ነው። ስድስት ዙር ማለት አንዱ ዙር አሥር ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ጨርቅ ቢያዝ እንኳ ለቅቆ፣ ወደ ኋላ ብሎ፣ ተሳድቦ ለመሳቅ ጊዜ አለ። ይለፍ ቃሉንም ያስገባው እሱ ነው፤ ለማንም አልተናገረም። ሥራ አስኪያጁ፣ ሰው ነህ፣ ብትታመምስ፣ ጻፍና በታሸገ ፖስታ ስጠኝ አለው። ጽፎ አሽጎ ሰጠው። ፖስታው ካዝና ገባ።

እንዲህ የሆነው በክፋት አይደለም። እዚህ ከመምጣቱ በፊት በሠራበት ፋብሪካ የደህንነቱ ትእዛዝ ክፍት ነበር፤ ማንም አላፊ አግዳሚ የቸኮለ ቀን ይቀይረው ነበር። እዚያ አንድ ባልደረባው ክንዱን እስከ ክርኑ ሲያጣ አትንካ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ያንን፣ አልፎ አልፎ መሣሪያ ለማቀብለው ለእኔ ለፈረቃው ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም ሽቦ እየላጠ ነበር፤ ቀና አላለም።

ከሁሉም በላይ ከእሱ ጋር የማይስማማው የፈረቃው ፎርማን ነበር። "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ" ይባል የለ፤ እሱን ሠራተኛው "ሰንበሌጥ" ይለዋል። ቶሎ የማይል ቀን የለውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ ካርቶን በብዛት በሚጠይቁት አለቆችና ከታች በሚያኮርፉት ሠራተኞች መሃል የተጣበቀ ሰው ነው። ማጠቢያው አርባ ደቂቃ ይበላበታል። በክፍቱ ትእዛዝ ፍጥነቱን ስምንት፣ አሥር ለማድረግ ስንቴ ሞከረ። ክዳኑ ተከፍቶ ስድስትን ባለፈች ቅጽበት ማሽኗ ቀጥ ትላለች፤ ፓነሉ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ አትንካ ተጠርቶ እስኪመጣና እስኪያነሳት ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ሠራተኛው ይሄንን "ነከሰች" ይለዋል። "ሰንበሌጥን ዛሬም ነከሰችው" ሲባል ሙጬ ጨርቋን እንደያዘች ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አንድ ቀን አትንካ መብራቱን ሲያጠፋ ጠብቃ፣ ጋሼ፣ ቤትህም እንጀራ ለማግኘት ቁጥር ይጠየቃል እንዴ አለችው። እሱም ሳይስቅ፣ ይጠየቃል፣ ቁጥሩን የምታውቀው ሚስቴ ናት አላት።

እንደዚህ ዓመታት አለፉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አትንካ በየወሩ መጀመሪያ ራሱ ክዳኑን ከፍቶ፣ ፍጥነቱን ሆን ብሎ ከስድስት አሳልፎ፣ መንከሷን ያይ ነበር። በኋላ ተወው። ምክንያቱን በኋላ ራሱ ስለሚናገረው እዚህ አልገባበትም።

አንድ ማለዳ የላይኛው ሮለር ጫፍ ከሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች አንዱ ተቀየረ። አዲሱ ኩሽኔታ ይጮህ አይጮህ ለመስማት ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሮለሩ ፈጠን ብሎ መዞር ነበረበት፤ በስድስት ዙር የሚሰማ ነገር የለም። አትንካ ላፕቶፑን ከድራይቩ ጋር አገናኘ፣ ይለፍ ቃሉን አስገባ፣ ወሰኑን አርባ አምስት አደረገ፣ ክፍቱንም ፍጥነት አርባ አደረገ። ሰውን ሁሉ አርቆ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ኩሽኔታው ጤነኛ ነው። ክፍቱን ፍጥነት ወደ ስድስት መለሰ። ወሰኑን ሊመልስ ሲል የአየር መጭመቂያው ቆመ ተብሎ ተጠራ፤ እሱ ከቆመ ፋብሪካው በሙሉ ይቆማል። ላፕቶፑን ነቅሎ ሮጠ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲመለስ ክዳኑ ተዘግቶ ሙጫ እየተቀባ ነበር። የፓነሉን ፊት አየ፤ ስድስት ይላል። ግን ያ የክፍቱ ቁጥር ነው። በልቡ ሁለቱንም መልሷል። ፓነሉን ቆልፎ ሄደ።

ስምንት ወር ምንም አልሆነም። ክፍቱ ቁጥር ስድስት ስለሆነ ማሽኗ በስድስት ትዞራለች፤ ሰንበሌጥም መንከሷ ሰልችቶት መሞከሩን ትቶ ነበር። ልጓሙ መፈታቱን የሚያውቅ፣ ሳብ አድርጎ የሞከረ ብቻ ነው።

የሞከረው ሰንበሌጥ ነው። ትእዛዝ በበዛበት ሳምንት፣ እስቲ የመጣው ይምጣ ብሎ ቁጥሩን ስምንት አደረገው። አልነከሰችም። በማግስቱ አሥራ ሁለት አደረገው፤ ዝም። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ። ማጠቢያው አርባ ደቂቃ የነበረው ሩብ ሰዓት ሆነ። ሠራተኛው ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ፤ የሚያኮርፍ ጠፋ። አትንካ ልቡ ራራ፣ ሽማግሌው በመጨረሻ ሰው ሆነ ተባለ። ላመስግነው ያለ ግን አልነበረም። ብናመሰግነው "አትንካ" ብሎ ይመልሰዋል፣ ዝም ብለን እንጠቀም ተባባሉ። እንዲያው ሙጬ ብቻ፣ ጋሼ ያውቃል ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። ሰንበሌጥ የመለሰላትን ከእሷም ከእሱም ሰምቻለሁ፤ አንድ ነው።

"ባይፈቀድላት ትዞር ነበር?"

እውነት ለመናገር ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናስበው። ከዓመት ዓመት ማሽኗ እምቢ ስትል የለመደ ሰው፣ እሺ ካለች ጨዋታው ተፈቅዷል ይላል። በገዛ ዓይኑ ፍጥነቱን እያየ፣ ይሄ እጅ ይበላል ብሎ መፍራት የነበረበት ሰው፣ ፍርሃቱን ለተቆለፈው ቁጥር አደራ ሰጥቶ እፎይ ብሏል።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የጨርቋ ጫፍ ያልታጠበ ሙጫ ላይ ተለጥፎ ከሮለሩ ጋር ዞረ። በሠላሳ ዙር አንዱ ዙር ሁለት ሰከንድ ነው። ጨርቁ እጇ ላይ አንዴ ተጠምጥሞ ነበር፤ ማጠብ ሲፈጥን ሁላችንም እንደዚያ እናደርገዋለን፤ እንዳይወድቅ።

አትንካ የደረሰው ማሽኗን የሚያቆመው ቀዩ ቁልፍ ከተመታ በኋላ ነው። አልጮኸም፤ ማንንም አልጠየቀም። መፍቻውን ይዞ የላይኛውን ሮለር የሚያነሳውን ብሎን ፈታ፤ ክፍተቱ እጅ የሚያሳልፍ እስኪሆን አሥራ አንድ ዙር። ሙጬ ፊቷ እንደ ሙጫው ነጥቶ ብሎኑን ታየዋለች። ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው።

"ጋሼ፣ እኔ ለቅቄው ነበር። እሱ ነው ያልለቀቀኝ።"

ሐኪሞቹ አራቱን ጣቶች ሊያተርፉ አልቻሉም። የቀኝ እጇ አውራ ጣት ብቻ ተረፈ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አትንካ ብቻውን ፓነሉ ፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ ክፍቱን ቁጥር አየ፤ ሠላሳ። ስድስትን አልፋ እንዴት እንደዞረች አልገባውም። ላፕቶፑን አገናኝቶ ይለፍ ቃሉን አስገባ። ወሰን፦ አርባ አምስት። ከሥሩ፣ መጨረሻ የተቀየረበት ቀንና ሰዓት። ቀኑን እንዳየ ኩሽኔታውን አስታወሰ። ምንም ሳይቀይር ላፕቶፑን ከደነና፣ ማሽኗ ላይ "አይነሳ" የሚል ካርድ ሰቅሎ ወጣ።

በማግስቱ ወሬው ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀው። ሰንበሌጥ ቃሉን ሲሰጥ እንዲህ ብሏል፦ የተቆለፈው ወሰን ስድስት ነው፤ ይሄንን ሕፃን ያውቃል። ክዳኑ መከፈቱን ድራይቩ ካወቀ በሠላሳ ሊዞር አይችልም። ስለዚህ ሙጬ ቶሎ ለመሄድ ብላ ፍጥነቱን ከፍ አድርጋ፣ የክዳኑን መከፈት የሚያየው ሴንሰር ላይ ማግኔት ለጥፋ፣ ክዳኑን የተዘጋ አስመስላ አታልላዋለች። ማግኔትም ወለሉ ላይ ተገኝቷል። ማግኔት በፋብሪካው ሞልቷል፤ የፈረቃ ወረቀት የምንለጥፍበት ነው። ነገሩ ግን ለሰሚ ጆሮ ጥሩ ሆኖ ይገባል። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ደግሞ፣ ከሥራ መሰናበቷ ነው፤ ሕክምናውም በራሷ።

ምስክሩ ማን ሆነ? አትንካ። አፉን ሳይከፍት። ሃያ አንድ ዓመት ያከማቸው ስም ተነስቶ መሰከረባት።

ማታ ራት ቀርቦ አልበላም። ሚስቱ ሁለቴ ጠየቀችው፤ በሦስተኛው ነገራት። ሁሉንም፤ ኩሽኔታውን፣ የአየር መጭመቂያውን፣ ቀኑን። ሴትየዋ ብልህ ናት፤ መጀመሪያ የጠየቀችው ሌላ ሰው ያየ እንደሆነ ነው። ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም አላት። እንግዲያው ሆድ ይፍጀው አለችው። ጡረታህ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ቁጥሩን ረሳሁት በል፤ ሰው ይረሳል፤ አንተ ሆን ብለህ አልቆረጥካት። ያለችው ሁሉ ልክ ነበር፤ እሱም ልክ ነው አላት። ሳህኖቹን አነሳች፤ ከጓዳ ስትመለስ ቆም አለች።

"የልጅቷ ልጅ ስንተኛ ክፍል ናት?"

"አራተኛ።"

ሬዲዮኑን አጠፋችና ልትተኛ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፓነሉ ፊት አምስት ሰው ቆመ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ከውጭ የመጣ የደህንነት ተቆጣጣሪ፣ ድራይቩን ከሸጠው ድርጅት የተላከ ቴክኒሻን፣ ሰንበሌጥና አትንካ። እኔ መብራት እንድይዝ ተጠርቼ ከኋላ ነበርኩ። ቴክኒሻኑ ነገሩን በአጭሩ አስረዳ። ይለፍ ቃሉ ካለ ይከፈታል። ከሌለ እሱ ሊያጠፋው ይችላል፤ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ወሰኑም፣ መቼ እንደተቀየረም፣ ሁሉም ይጠፋል። ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ባዶ ይጀምራል።

ሥራ አስኪያጁ ከካዝና የወጣውን ፖስታ ይዞ ነበር። ቀደደው። ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ በአትንካ የእጅ ጽሑፍ አንድ ቃል ተጽፏል፦ "ጥሩኝ።" በሌላ ቀን ቢሆን ፋብሪካው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ሥራ አስኪያጁ አትንካን በክንዱ ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወሰደው። ወደ እኔ በኩል ስለሆነ ሰማሁት። ጨዋ፣ የተማረ ሰው ነው፤ በለስላሳ ድምፅ ነው የተናገረው።

"ብዙ ዓመት ሆኖታል። ያስታውሱት ብሎ የሚያስገድድዎት የለም። ካላስታወሱት እሱ ያጥፋው፤ እኛም በአዲስ እንጀምራለን።"

አትንካ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ። ወደ ላፕቶፑ ሄዶ ተንበረከከ። ይለፍ ቃሉ ስምንት አኃዝ ነው። አራቱን መትቶ ቆመ፤ እጁን በቱታው ጠረገ፤ የቀሩትን አራት መታ። ገጹ ተከፈተ። ተነስቶ ለቴክኒሻኑ ቦታ ለቀቀለት።

ቴክኒሻኑ ያየውን ጮክ ብሎ ማንበብ ልማዱ ነው መሰለኝ፤ ወሰን አርባ አምስት አለ። ቀጥሎ ቀኑን አነበበ። ተቆጣጣሪው ብዕሩን እንደያዘ፣ ታዲያ ማን ነው የቀየረው አለ።

"እኔ ነኝ። ኩሽኔታ ልሰማ ብዬ ከፍ አድርጌው ሳልመልሰው ሄድኩ። ማግኔት የለም። ስድስት ላይ የሚያስቆማት ወሰን አልነበረም።"

ተቆጣጣሪው፣ በየወሩ መፈተሽ እንዳለበት አታውቅም ወይ አለው። አውቃለሁ አለ። ለምን ተውከው ሲለው ትንሽ አሰበ፤ ለመልሱ ሳይሆን በስንት ቃል እንደሚያልቅ የሚያሰላ ይመስል ነበር።

"እኔ ብቻ ስለምከፍተው፣ የሚያበላሸው የለም አልኩ።"

ያኔ ሰንበሌጥ ጫማውን እያየ፣ ፍጥነቱን ሠላሳ ያደረስኩት እኔ ነኝ አለ። ተቆጣጣሪው ለማስረጃ ተብሎ አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ማግኔት አንስቶ ፓነሉ በር ላይ ለጠፈው፤ የፈረቃ ወረቀት የሚለጠፍበት ቦታ ላይ።

አትንካ በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። ሰንበሌጥ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለት ወደ መጋዘን ተዛወረ። የፍርዱ ሚዛን የት ጋ እንደተሰቀለ አላውቅም፤ የቆለፈውና የተናገረው ተባረረ፣ ያልቆለፈውና በሙጬ ያላከከው ቀረ። ሙጬ ከጥፋት ነጻ ተባለች። ሕክምናዋ ተሸፈነ። ሲሻላት በር ላይ ለእንግዳ የመግቢያ ካርድ ማደል ተሰጣት፤ በግራ እጇ።

ፓነሉን የተረከብኩት እኔ ነኝ። አትንካ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰዓት ለመነ፤ ተፈቀደለት። ወሰኑን ስድስት አደረገ፤ አዲሱን ይለፍ ቃል ግን ራሱ አላስገባም፤ እኔና ተቆጣጣሪው እንድናስገባ አድርጎ፣ እሱ ፊቱን አዞረ። ከዚያ በማይለቅ ቀለም የፓነሉ በር ላይ በትላልቅ ፊደል ጻፈ፦ ክዳን ሲከፈት ስድስት። በየፈረቃው መጀመሪያ ስምንት አድርጋችሁ ሞክሩ። ካልቆመች አትጠቡ። እስከ ዛሬ በየጠዋቱ እንሞክራታለን፤ በየጠዋቱ ትነክሳለች፤ ቀይ መብራቱን አንስተን ሥራ እንጀምራለን። የሚስቅ ግን የለም።

የቀረውን ከራሱ ነው የሰማሁት። ሁለት ወር ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሙጬ ቤት ሄደ። እናቷ በሩን ከፈተች፤ ማንነቱን ስታውቅ ወደ ጎን ብላ አሳለፈችው። ክፍሉ አንድ ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራ ትሠራለች፤ አጠገቧ ሌላ ደብተር ተከፍቷል፤ በውስጡ በተንጋደደ ጽሑፍ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ ሀ ሁ ሂ ተደርድሯል። የሙጬ ነው። ግራ እጇን እያስተማረች ነበር። የቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አኑራዋለች። አውራ ጣቷ ሳታስበው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይመለሳል፤ የሚጫነው ሌላ ጣት ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይመለሳል።

ቁጭ በል አላለችውም። የመጣበትን ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ከዚያ ረሳሁት ብትል ኖሮ የሚያውቅ ይኖር ነበር ወይ አለችው። አይኖርም ነበር አላት።

"ስለ ማግኔቱ አመሰግንሃለሁ። ሌላውን ግን አልቻልኩም፣ ጋሼ። ሞክሬ ነበር።"

አትሞክሪ አላት። የሚናገረው አልቀረውም። ሊወጣ ዞር ሲል ከበሩ አጠገብ ያለውን ሶኬት አየ፤ ዙሪያው ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ አብጧል። ሃያ አንድ ዓመት ያልተወው ልማድ ነው፤ እጁ ቀድሞት ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ አጭሩ ካቻቢቴ እዚያው ነበር። ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ አትንካው። ሌላ ሰው ይሠራዋል።"

ቀና አለ። ካቻቢቴውን መልሶ ኪሱ ከተተ። የሚሠራው ሰው ብሬከሩን ሳያጠፋ እንዳይጀምር ንገሪው አላት።

እነግረዋለሁ አለችው። እሱም በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።